ደረቅ ደሴት፣ በክልከላ የቆየ ባሕር

ከቬኔዝዌላ ጠረፍ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቦኔር፣ ካሪቢያን ሲባል በሐሳባችን የሚመጣውን ለምለም ደሴት አትመስልም። ወንዝ የላትም። በዓመት የሚዘንብላት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከምታገኘው ግማሽ እንኳ አይሞላም። መሬቷ የኖራ ድንጋይ፣ ዕፅዋቷ እሾሃማ ቁጥቋጦና ከሰው ቁመት እጥፍ የሚረዝም ቁልቋል ነው። በየመንገዱ ዳር ፍየሎችና አህዮች ይታያሉ። ነዋሪዎቿ የሚጠጡት ውሃ ጨውነቱ የተወገደ የባሕር ውሃ ነው። ይሁንና 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 25 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች ደሴት ለስኖርክሊንግ (በጭንብልና በመተንፈሻ ቱቦ ከውሃው ወለል ላይ ሆኖ ለማየት) እና አየር ይዞ ለሚደረግ ስኩባ ጠለቃ በዓለም ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ቦታዎች አንዷ ናት።

ለባሕር ዳርቻ ዕረፍት አገር የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አሸዋው ንጣት፣ ስለ ሆቴሉ ምቾትና ስለ ዋጋው ነው። ቦኔርን በቅርብ የተመለከተ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፤ ይህ ውበት እስከ ዛሬ የቆየው በማን ጥረት ነው? ነገስ በምን ይቆያል? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው። ተፈጥሮ ለደሴቷ የሰጠቻት ድርቀትንና ድርቀቱ ያጠራውን ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ያለውን ኮራል ያቆየላት ግን ሰው በጊዜ የወሰነው ውሳኔ፣ በተለይም ራሱን የከለከለው ነገር ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድርቀት ያጠራው ውሃ

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል። ስለዚህ ብርሃን ሲያጣ ይጎዳል፤ ደለል ሲወርድበት ደግሞ ይታፈናል። ዝናብ በሚበዛባቸው ደሴቶች ወንዞች አፈሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የከተማውን ቆሻሻም ጠርገው ባሕር ይጨምሩታል። ወንዝ በሌላት ቦኔር ግን ውሃው ዓመቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ይኖራል። ጥሩ ቀን ሲሆን ጠላቂው ሠላሳ ሜትር ፊት ለፊቱ አጥርቶ ያያል። የውሃው ሙቀትም ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚደርስ ረጅም ሰዓት ቢቆዩበት አይበርድም።

ሁለተኛው ስጦታ ነፋሱ ነው። ሳያቋርጥ ከምሥራቅ ይነፍሳል። በዚህ ምክንያት የምሥራቁ ጠረፍ ማዕበል የሚመታው አስቸጋሪ ቦታ ሲሆን፣ ደሴቷ ራሷ የምትከልለው የምዕራቡ ጠረፍ ግን እንደ ሐይቅ የረጋ ነው። ኮራሉም ሩቅ አይደለም። ከዳርቻው ጥቂት እንደተዋኘ የባሕሩ ወለል እስከ 10 ሜትር ገደማ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ይሆናል። ኮራሉ የተነጠፈው በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

የቦኔር ጠለቃ ከአብዛኛው ካሪቢያን የሚለየውም በዚህ ነው። በብዙ ቦታ ጀልባ መጠበቅ፣ የጀልባውን ሰዓትና የአስጎብኚውን ፍጥነት መከተል ግድ ይላል። ቦኔር ላይ ግን ጎብኚው ፒክአፕ ይከራያል፤ የአየር ሲሊንደሮቹን ከኋላ ይጭናል፤ የጠረፉን መንገድ ይዞ ይነዳል። በመንገዱ ዳር ቢጫ የተቀቡ ድንጋዮች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ የመጥለቂያ ቦታው ስም ተጽፏል። ከሰማንያ በላይ ከሆኑት ከእነዚህ ቦታዎች አብዛኞቹ በእግር የሚገባባቸው ናቸው። ጎብኚው ከጓደኛው ጋር መኪናውን አቁሞ፣ ዕቃውን ታጥቆ፣ በራሱ ሰዓት ይገባል፤ በራሱ ሰዓት ይወጣል።

ከውሃው በታች ያለው ዓለም

በደሴቷ ዙሪያ ከ350 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ግን ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ አንዱን ዓሣ በቅርብ ማየት ይሻላል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የጠነከረ ነው። ከውሃው ወለል ላይ በጭንብልና በመተንፈሻ ቱቦ ተንሳፍፎ ጸጥ ብሎ ያዳመጠ ሰው ይህ ዓሣ የሞተውን ኮራል ሲፍቅ የሚያወጣውን የመቆርጠም ድምፅ በግልጽ ይሰማል። የሚፈልገው በኮራሉ ላይ የበቀለውን አልጌ ነው። ድንጋዩን ግን አብሮ ይውጠዋል፤ አድቅቆም ከኋላው ነጭ ደመና አድርጎ ይለቀዋል። ያ ደመና አሸዋ ነው። የካሪቢያን ነጭ አሸዋ ጥቂት የማይባለው ክፍል በእነዚህ ዓሦች ሆድ ያለፈ ኮራል ነው። ፓሮትፊሽ ከጠፋ አልጌው ኮራሉን ይወርሰዋል፤ ኮራሉ ከሞተ ዓሣውም አሸዋውም አይኖርም። ቦኔር እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ዓሣ ማጥመድን የከለከለችው ለዚህ ነው።

በደቡብ በኩል ከጨው ማምረቻው ፊት ለፊት የመርከብ መጫኛ ድልድይ አለ። የድልድዩ የብረት ምሰሶዎች ከውሃው በታች በብርቱካንማ ኮራልና በስፖንጅ ተሸፍነዋል፤ በመካከላቸው ብዙ የዓሣ መንጋ ይመላለሳል። ጨው የሚጭን መርከብ ሲቆም ግን ጠለቃ የተከለከለ ነው። ከዋና ከተማዋ ከክራለንዳይክ በስተደቡብ ደግሞ ሂልማ ሁከር የተባለች ወደ 72 ሜትር የምትረዝም የጭነት መርከብ በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ በጎኗ ተጋድማ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1984 በሆዷ የተደበቀ ማሪዋና ተገኝቶባት ተይዛ ሳለ ነው የሰጠመችው። ይህች ልምድ ላለው ጠላቂ ናት፤ ጀማሪው የሚፈቀድለት ጥልቀት 18 ሜትር ስለሆነ እዚያ አይወርድም።

ጠለቃ ያልተማረ ሰውም አይቀርበትም። ከከተማው ፊት ለፊት ሰው የማይኖርባት ክላይን ቦኔር የምትባል ጠፍጣፋ ደሴት አለች። ትንሽ ጀልባ ወስዶ ያወርዳል። ጎብኚው ከላይ በኩል ውሃ ውስጥ ገብቶ ራሱን ለሞገዱ ጉዞ ከለቀቀ፣ እግሩን ብዙ ሳያደክም በኮራሉ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ነጩ አሸዋ ዳርቻ ይደርሳል። የባሕር ኤሊም ብዙ ጊዜ ይታያል። እዚያ ጥላ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሚሸጥ ውሃም ስለሌለ ሁለቱንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ያለው የላክ ሰላጤ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ በማንግሮቭና በባሕር ሣር የተከበበ፣ ሁልጊዜ ነፋስ የሚነፍስበት ነው። የነፋስ ቀዘፋ ለሚማሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ለአሸዋው ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የቦኔር ዳርቻ አብዛኛው የኮራል ስብርባሪ ነው፤ ጫማ ሳያደርጉ አይገባም። ረጅም ነጭ አሸዋ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቷ አሩባ ትሻለዋለች።

ያው ፀሐይ፣ ያው ነፋስ

ይህ ድርቀት ሁልጊዜ እንደ ሀብት አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ. በ1513 በካሪቢያን የስፔን አገረ ገዢ የነበረው ዲዬጎ ኮሎን አሩባን፣ ኩራሳውንና ቦኔርን ወርቅ ስላላገኘባቸው የማይጠቅሙ ደሴቶች ብሎ ፈረጃቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የካኬቲዮ ተወላጆች ለማዕድን ሥራ ወደ ሂስፓኒዮላ ደሴት ተጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1636 ደሴቷን የያዙት ደቾች ደግሞ በድርቀቱ ውስጥ ሌላ ነገር አዩ፤ ጨው። የባሕር ውሃ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ታቁሮ በፀሐይና በነፋስ ሲተን ጨው ይቀራል። ዝናቡ ጥቂት በመሆኑ ምርቱ አይበላሽም። ዝናብ ለኮራሉ ጎጂ እንደሆነ ሁሉ ለጨውም ጎጂ ነው።

ጨውን የሚቆፍሩት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። በደቡብ ጠረፍ፣ በዛሬዎቹ መጥለቂያ ቦታዎች አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1850 የተሠሩ የባሪያ ጎጆዎች ዛሬም ቆመዋል። በድንጋይ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው አጎንብሶ ካልሆነ ሰው የማያስገባ፣ በውስጣቸው ለመኝታ እንጂ ለሌላ የማይበቁ ናቸው። የጨው ሠራተኞቹ ቤተሰብ የሚኖረው በሰሜን፣ በሪንኮን መንደር ነበር። የሳምንቱ ሥራ ሲያበቃ ሰዎቹ በዚያ ፀሐይ ብዙ ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ልጆቻቸውን ያዩ ነበር፤ ከዚያም ተመልሰው ይመጣሉ። ባርነቱ በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። መኪናውን እዚያ አቁሞ የሚጠልቅ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጎጆዎቹ ቢቀርብ፣ አጎንብሶም ቢገባ ይገባዋል።

የጨው ሥራው ዛሬም አለ፤ ሠራተኛው ግን ነፃ ሰው ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደገና ሲስፋፋ፣ ከገንዳዎቹ መካከል ፔከልሜር የተባለው ቦታ ለፍላሚንጎ ወፎች መራቢያ እንዲከለል ተደረገ። ዛሬ ከጨው ክምሩ አጠገብ ሮዝ የለበሱ ወፎች በሰላም ይፈለፍላሉ። ፀሐዩም ነፋሱም ከዲዬጎ ኮሎን ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም። በአንድ ዘመን ደሴቷን የተጣለች አደረጋት፤ በሌላው የግፍ ቦታ፤ ዛሬ ደግሞ የምትፈለግ። ልዩነቱን ያመጣው ሰው የወሰነው ነው።

ሳይደርቅ በርጥቡ

ስለ ውሳኔ ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1962 በመርከብ ደሴቷ ላይ የደረሰው አሜሪካዊ ዶን ስቱዋርት መጠቀሱ ግድ ነው። ካፒቴን ዶን በሚል ስም የታወቀው ይህ ሰው የቦኔር የጠለቃ ቱሪዝም መሥራች ነው። መጀመሪያ ዓሣን በውሃ ውስጥ በጦር የሚያድን ሰው ነበር። የሚያስጎበኘው ባሕር በዓይኑ ፊት ሲመናመን ግን የክልከላው ዋና ተሟጋች ሆነ፤ ጀልባዎች መልሕቅ ከመጣል ይልቅ በቋሚ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች እንዲጠቀሙም አደረገ። አንድ መልሕቅ በኮራል ላይ ሲወድቅ ለመቶ ዓመት ያደገውን በቅጽበት ይሰብረዋልና።

የሕጉ ቅደም ተከተል ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 የባሕር ኤሊዎች እንቁላልና ጎጆ ጥበቃ አገኘ። በ1971 በጦር ዓሣ ማደን ተከለከለ፤ በ1975 ኮራል መልቀምና መስበር ተከለከለ፤ በ1979 ደግሞ ከውሃው ጠርዝ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት መላ ደሴቷን የሚከብብ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። በየብስም ዋሽንግተን ስላግባይ የተባለው ፓርክ የሰሜኑን ክፍል ይይዛል። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ቦኔር የከለከለችው ጎብኚ ሳይበዛባትና ኮራሏም ሳያልቅ ነው። አብዛኛው የቱሪስት መዳረሻ ግን የሚነቃው ከጠፋ በኋላ ነው።

ሕግ ማውጣት ግን ብቻውን አልበቃም። ፓርኩ የተመሠረተው በእርዳታ ገንዘብ ስለነበር፣ ገንዘቡ ሲያልቅ በ1980ዎቹ ጠባቂ የሌለው የወረቀት ፓርክ ሆኖ ቀረ። የነቃው በ1991 ነው፤ በ1992 ደግሞ እያንዳንዱ ጠላቂ 10 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ያኔ ክፍያው ጎብኚ ያሸሻል የሚል ስጋት ነበር፤ ጎብኚው ግን ገንዘቡ ለኮራሉ መዋሉን ሲያውቅ በፈቃዱ ከፈለ። ዛሬ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያው 40 ዶላር ደርሷል፤ ፓርኩን የሚያስተዳድረው ስቲናፓ የተባለ ድርጅት በዚሁ ገንዘብ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ከ2022 ጀምሮ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ 75 ዶላር የመግቢያ ግብር ይከፍላል።

የባሕሩ ደንብ ጥብቅ ነው። አዲስ የመጣ ጠላቂ፣ ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ መጀመሪያ ማብራሪያ ይሰማል፤ ከዚያም ሚዛኑን መጠበቁ በሚታይበት ሙከራ ይጠልቃል። ጓንት ማድረግ አይፈቀድም፤ ጓንት ያደረገ እጅ መንካት ይወዳልና። መልሕቅ አይጣልም፣ ኮራል አይነካም፣ ዛጎል አይለቀምም። የደሴቷ ምክር ቤት በ2018 ኮራል የሚጎዱ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች ያሉበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንዲታገድ ወስኗል።

ክልከላ ብቻውን የማይገታው

ይህ ሁሉ ጥበቃ ዛሬ ከባድ ፈተና ገጥሞታል። አንዱ ሙቀት ነው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል በሥጋው ውስጥ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ነጥቶም ይራባል። በ2023 የጀመረው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ቦኔርንም አላለፋትም። በዚያው ዓመት ኮራልን በሳምንታት ውስጥ ሥጋውን ገፎ የሚገድለው፣ በ2014 ፍሎሪዳ ላይ የታየው በሽታ ወደ ደሴቷ ገባ። በሽታው እንዳይዛመት ጠላቂዎች ዕቃቸውን በፀረ ተህዋስያን እንዲያጥቡ ተጠይቀዋል፤ አንዳንድ ቦታዎችም ለጊዜው ተዘግተው ነበር። ከዚያ ቀደም፣ በ2009፣ ከሕንድና ከሰላማዊ ውቅያኖስ የመጣው ላየንፊሽ ትንንሽ ዓሦችን እየጠረገ ደርሶ ነበር። በጦር ማደን የተከለከለባት ደሴት ይህን ዓሣ ብቻ ለሠለጠኑ ሰዎች በልዩ መሣሪያ እንዲያድኑት ፈቅዳለች።

ሁለተኛው ፈተና ከየብስ ይመጣል። ልቅ የተለቀቁ ፍየሎች ሣሩንና ችግኙን ስለሚጨርሱት ጥቂቱ ዝናብ ሲወርድ እርቃኑን የቀረውን አፈር ወደ ባሕር ይጠርገዋል። ግንባታው ሲሰፋ ፍሳሹም ይጨምራል። ድርቀቱ የሰጠውን የውሃ ጥራት የሰው አያያዝ ሊወስደው ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የጎብኚው ብዛት ነው። በ1993 ጆን ዲክሰንና ባልደረቦቹ በቦኔር ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ መጥለቂያ ቦታ በዓመት ከ4,000 እስከ 6,000 ጠለቃ ካለፈበት ኮራሉ በግልጽ መጎዳት እንደሚጀምር አመልክተዋል። ዛሬ 25 ሺህ ገደማ ሕዝብ ባለባት ደሴት በክሩዝ መርከብ ብቻ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወርዳል፤ አብዛኛው ለጥቂት ሰዓት ነው። ባሕሩ መሸከም የሚችለው ልክ እንዳለው ከሠላሳ ዓመት በፊት በቁጥር ተነግሯል። በቁጥሩ መሠረት ጎብኚውን መገደብ ግን እስከ ዛሬ ብዙ የደሴት መንግሥታት የሚፈሩት ውሳኔ ነው።

ነዋሪዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የተሰበሩ የኮራል ቁርጥራጮችን በውሃ ውስጥ በቆሙ ሰው ሠራሽ ዛፎች ላይ አንጠልጥለው አሳድገው መልሰው ይተክላሉ። ጥር 2024 ላይ ደግሞ የደሴቷ ነዋሪዎች ከአካባቢ ተሟጋቹ ግሪንፒስ ኔዘርላንድስ ጋር ሆነው የደች መንግሥትን ከአየር ንብረት ለውጥ በበቂ አልጠበቀንም ሲሉ ከሰዋል። ከ2010 ጀምሮ ቦኔር የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ናት፤ እንደ ዜጋ የሚጠይቁት ጥበቃ ተገቢ ነው። የራሳቸውን የዓሣ ማደኛ ጦር ያስቀመጡ ሰዎች፣ ባሕራቸውን የሚያሞቀው ሌላው ዓለም ምን ያስቀምጣል ብለው ቢጠይቁ ሊደመጡ ይገባል።

ለሚሄድ ሰው

በእኔ እምነት ቦኔር ሊሄዱባት የሚገባ ደሴት ናት። ጎብኚ ባይሄድ ፓርኩን የሚጠብቀው ገንዘብ አይኖርም። አካሄዱ ግን ይወስናል። ለጥቂት ሰዓት ወርዶ ከሚመለስ ይልቅ አንድ ሳምንት የሚቆይ፣ በነዋሪ ቤት የሚያድር፣ ሪንኮን ሄዶ የፍየል ወጥና የቁልቋል ሾርባ የሚበላ ጎብኚ ለደሴቷ የሚተወው ይበልጣል፤ በባሕሩ ላይ የሚያደርሰው ጫናም ያነሰ ነው።

አንዳንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከአሜሪካ የሚነሱ ቀጥታ በረራዎች ከማያሚና ከአትላንታ አሉ። ደሴቷ የኔዘርላንድስ ክፍል ብትሆንም ሸንገን ክልል ውስጥ ስለማትካተት፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የደች ኤምባሲን መጠየቅ አለበት። መገበያያው የአሜሪካ ዶላር ነው። በደጋ አድጎ ዋና ያልተማረ ሰው ደግሞ አገሩ ሳለ ጥቂት ትምህርት ወስዶ፣ እዚያም ሲደርስ የሕይወት ጃኬት ለብሶ ረጋ ያለ ቦታ ላይ ቢጀምር ሳያፍር ብዙ ያያል። በተደጋጋሚ የጠለቀ ሰው ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን መሳፈር የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን ጎብኚው ክፍያውንና ደንቡን እንደ እንቅፋት አይቁጠረው። ያ ጥርት ያለ ውሃ የተገኘው ከድርቀቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ሕይወት የቆየው ግን ሰዎች ማግኘት የሚችሉትን ትተው ስለከለከሉ ነው። የደሴቷ መሪዎችም ስኬታቸውን በሚወርደው ሰው ብዛት ሳይሆን ባሕሩ በሚሸከመው ልክ ሊለኩት ይገባል። በ1971 ጦሩን ያስቀመጠች ደሴት ዛሬ መርከቦቹን ለመቁጠር አቅም አያንሳትም። እኛ ጎብኚዎች ደግሞ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ዘንድሮ አትምጡ ብትለን ተቀብለን ተራችንን መጠበቅ አለብን።